ጎኑ የተፈታው ቬሎ

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የምስጋና ቀን ነበር። ወንድም ጳውሎስ ስለዚያ ዘመን እንዲመሰክር ተጠራ። ዛሬ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኗል፤ ወጣቶች ግራና ቀኝ ደግፈው መድረክ ላይ አወጡት። ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ፣ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ሳለ መካኒሳ ውስጥ በአንድ ሰርግ ላይ እንዴት እንደ ዘመርን ተረከ። ድንኳኑን ተረከ። አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩን ስለነበሩት ጎረቤቶች ተረከ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መዝሙሩ የሰርግ ዘፈን መስሎት በእግሩ ምት ይይዝ እንደ ነበር ሲናገር አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «ያ ቀን ለእኛ ሰማይ የተከፈተበት ቀን ነው» ብሎ ጨረሰ። እልልታው ቀለጠ።

ማን እንዳገባ አልተናገረም። እኔ ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር።

ቤቴ ስገባ መቀመጥ አቃተኝ። ሻይ ጣድኩ፤ ትቼው ግቢ ወጣሁ፤ ስመለስ ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል። ያልቆሸሸ ዕቃ አጠብኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የቆየ ነገር መቀስቀስ አይወድም። እኔም ብዙ ነገር ይዤ ዝም ያልኩ ሴት ነኝ፤ አብዛኛውንም ይዤው እሄዳለሁ። ይህን ግን ሌላ ሰው እያሳመረ ሲያወራው ሰማሁ። እንግዲያው እኔም ላውራው።

በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ሰርግ ለእኛ ለጴንጤዎች ምን እንደ ነበር አይገባውም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ የምንገናኘው በየሰዉ ቤት፣ ጥቂት ጥቂት ሆነን፣ መጋረጃ ዘግተን ነበር። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር እንደ ታፈነ ሳል ነው፤ ደረት ላይ ይቀራል። ሰርግ ግን በቀበሌ ይፈቀዳል። ለሰርግ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ቢጮኽም የሚቆጣ የለም። ስለዚህ ከመካከላችን አንዲት ልጅ ስትታጭ የሚደሰተው ቤተሰቧ ብቻ አልነበረም። ሁሉም ጉሮሮውን መጥረግ ይጀምራል።

ቬሎውም የጋራ ነበር። ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ አንዷ ለእህት ሰናይት ትታላት የሄደችው ነው። እህት ሰናይት ከእኛ ጠና ያለች፣ ጸሎተኛ የምትባል፣ ሴቶቹን ሁሉ የምትመራ ሴት ነበረች። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ አልልም። ቬሎውን በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ያለ እርሷ የትም አይሄድም፤ ሲለካም ሲሰፋም አጠገቡ ትቆማለች። ሕጉ አንድ ነው፤ መቀስ አይነካውም። ለቀጭኗ ልጅ ጎኑ ወደ ውስጥ ይያዛል፣ ለአጭሯ ታችኛው ጠርዝ ይታጠፋል፣ ከሰርጉ በኋላ ተፈቶ እንደ ነበረ ይመለሳል። ውስጡን ቢገለብጡት የመርፌው ቀዳዳ እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፎ ይታይ ነበር።

ያልተነገረ ሌላ ሕግም ነበር። ነገር የተሰማባት ልጅ ያን ቬሎ አትለብስም። በሀበሻ ቀሚስ፣ ያለ ዓይነ ርግብ፣ አንገቷን ደፍታ ትዳራለች። አንዷን አይቻታለሁ። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲዘምር እርሷ ጫማዋን ታይ ነበር። እኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ብዬ አስቤ ነበር። ወጣት ምን ያውቃል!

እጮኛዬ ታደለ ይባላል። ሳሪስ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰው ፊት የማይከራከር ልጅ ነበር። ያ ጠባዩ ደስ ይለኝ ነበር። እኔም ክር የሚፈተልበት ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ እየዋልኩ፣ ትከሻዬ ሰፊ ቢሆንም ሥጋ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ቬሎውን መጀመሪያ የለካሁት ጥቅምት ላይ፣ ብስራተ ገብርኤል፣ እትዬ ዓለሚቱ ቤት ነው። እትዬ ዓለሚቱ ቀን በልብስ ስፌት ማኅበር የሠራተኛ ቱታ ትሰፋለች፤ ማታ ማታና እሑድ ደግሞ ቤቷ የራሷን ደንበኛ ታስተናግዳለች። ቬሎው አልሰፋም፣ አልጠበበም። «እንዳንቺ ያለ ይብዛልኝ፤ ያለ ሥራ እበላለሁ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ እናቴ እጇን አስገባች። እናቴ የወላይታ ሴት ናት፤ መካኒሳ አቦ አካባቢ ጭቃ ቤት ተከራይታ ስምንት ልጅ ያሳደገች። በእሷ አገር ሙሽራ ከሲታ ሆና ከወጣች የምትታማው እናቷ ናት። ከሥራ ፈቃድ እንድወስድ አደረገችኝ፤ ውኃ ላምጣ ብል ተቆጣች፤ ከቤት አላስወጣ አለችኝ። ከአገር ቤት ቡላ አስመጣች። ከፉሪ አንዲት ገበሬ ሴት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛላት ትመጣለች። ጠዋት የቡላ ገንፎ በቅቤ፣ ቀን እርጎ፣ ማታ ደግሞ ገንፎ። ማንኪያውን ስተው ፊቷ ይጨልማል።

«ብይ እንጂ! ባዶ እጄን ልስጥሽ?»

«ጠገብኩ እኮ።»

«ጥጋብሽን ሰው ይይልኝ።»

ሰውም አየው።

ሰርጉ ጥር ላይ ነበር፤ ቬሎውን ለሁለተኛ ጊዜ የለካሁት የገና ማግስት ነው። ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግራችን ሄድን፤ መንገዱ አቧራ ነው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እህት ሰናይት ሻንጣውን ለማንም አልሰጥ ብላ ራሷ ተሸክማለች። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ቤት ተቀምጬ ስለከረምኩ እግሬ ተፈታ፤ መሮጥ ሁሉ አምሮኝ ነበር።

ቬሎው ትከሻዬን አልፎ ደረቴ ላይ ቆመ። እትዬ ዓለሚቱ ከኋላ ቁልፎቹን ልትገጥም ሞከረች፤ በጉልበቷ ገፋችኝ፤ ትንፋሽሽን ያዢ አለችኝ፤ ያዝኩ። አልገጠመም።

«አንቺ ልጅ ምን በላሽ? ሙሽራውን?» አለች።

እኔ ሳቅኩ። እህት ሰናይት አልሳቀችም። ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች ዓይኗ እምብርቴ አካባቢ ነበር።

«ወገቧ ላይ ነው እንቢ ያለው፤ አይደል?» አለች።

«ወገቧም ነው፣ ደረቷም ነው፣ ክንዷም ነው» አለች እትዬ ዓለሚቱ። «ሁለመናዋ እንቢ ብሏል።»

«እኔ ወገቧን ነው የጠየቅኩሽ።»

እትዬ ዓለሚቱ ልብሱን ገልብጣ ጎኑን አየች። ውስጥ የተረፈ ጨርቅ አለ፤ ግን እሱን ለማግኘት ፈረንጇ ያሰፋችውን የመጀመሪያውን ስፌት መፍታት ነበረባት። ከእኔ በፊት ማንም አልፈታውም። እህት ሰናይት «ለማንም ተፈቶ አያውቅም» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ግን ምላጩን አልከለከለችም። ክሩ እየተቆረጠ ሲሄድ አንድ ያላሰብነው ነገር ብቅ አለ። የቬሎው ውጪ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ቢጫ ብሎ ኖሯል፤ ስፌት ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ሁለቱ ጎኖች ተፈትተው ሰፋ ሲሉ፣ ከብብት እስከ ዳሌ በግራም በቀኝም እንደ ኖራ የነጣ መስመር ወረደ። ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉ ይህ ልብስ ለዚህች ልጅ ሰፍቶላታል ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የማላውቀው ነገር ይነዘንዘኝ ጀመር። ስንመለስ እህት ሰናይት ሻንጣውን አቅፋ ከእኔ ወደ ኋላ ቀርታ ትሄድ ነበር። ከብዷት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቤት ስደርስ ገንፎውን አልበላም አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ያመመኝ መሰላት። አጥሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ።

በሳምንቱ ታደለ መጣ። ግባ ስለው በር ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን አውልቆ ያሽከረክረዋል። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄድን።

«ትናንት ጸሎት ነበረን» አለኝ።

«እሺ?»

«ለአንዲት እህት ጸለይን።»

«ምን ሆና?»

«ስሟ አልተጠራም።»

«ታደለ፣ ምን ተብሎ ነው የተጸለየው?»

መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ጸሎቱን ያቀረበችው እህት ሰናይት ናት። ከሰርጓ በፊት የወደቀች፣ ልብሷም የጠበባት እህት አለችን፤ ጌታ ንስሐ ይስጣት፤ ቬሎውንም ከውርደት ይጠብቅልን። እንግዲህ ይህ ነው ስም አለመጥራት። በዚያ ወር የምታገባ ከእኔ በቀር ሌላ ሴት አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሐሜት የትም አለ። በሌላው ሰፈር ግን ሐሜት ሐሜት ነው፤ የታማው ሰው በር ላይ ቆሞ ሊሳደብ፣ ሽማግሌ ሊልክ፣ ሊካስ ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ጸሎት ሆኖ ይመጣል። ከጸሎት ጋር ማን ይጣላል? ለምን ጸለያችሁልኝ ብሎ የሚከስ ማን ነው? እህት ሰናይት በሕይወት የለችም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ሰው ሞቷል ተብሎ የሠራው ሥራ አብሮት አይቀበርም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፤ ሳቅ መጣብኝ። ፊቴ የቆመው እጄ ለእጁ እንኳ ተነካክቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?» አልኩት። «አንተ ታውቅ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለ። «የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ይህን ሲል ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ቃሉ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደ። ሲገባኝ ቆምኩ።

«ሲጸልዩ አሜን አልክ?»

«ሁሉም አለ…»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«አልኩ።»

ጥዬው ሄድኩ። አልተከተለኝም። ታዲያ ለምን አገባሽው ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ሌሊት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ብተወው እውነት ነበር ይባላል፤ ባገባው ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ችሏት አገባት ይባላል። ሁለቱም በር እሾህ ነበረው። እኔ የመረጥኩት ቬሎ የምለብስበትን በር ነው።

ለሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀር ወንድም ጳውሎስና እህት ሰናይት ቤታችን መጡ። ጳውሎስ ያን ጊዜ ጥቁር ጢም ያለው፣ ሲናገር መዳፉን የሚያሻሽ፣ በወጣትነቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነበር። እናቴ እርጎ አቀረበችላቸው። አልነኩትም።

«እህቴ» አለ ጳውሎስ፣ «ነገሩን ቀለል አድርጊው። ሰርጉ ይሁን። ብቻ ቬሎው ይቅርና በሀገር ልብስ ውጪ። የሀገር ልብስም እኮ ያምራል።»

«ለምን?»

«ለሌሎቹ ልጆች ምሳሌ…»

እናቴ የምንነጋገረውን ያን ጊዜ ነው የሰማችው። አማርኛው እየተሳሰረባት ብድግ አለች።

«ቅቤ ነው! እኔ ነኝ ያበላሁ! ቅቤው የፉሪ ነው፣ ቡላው የአገሬ ነው። ሂዱና ሴትዮዋን ጠይቁ!»

«ቅቤ ወገብ መርጦ አይሄድም፣ እማማ» አለች እህት ሰናይት።

እናቴ ክንዴን ይዛ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበችው። «ይህስ? ይህም አረገዘ? ክንድ ያረግዛል በእናንተ ዘንድ?»

ጳውሎስ ሊስቅ ሲል ያዘው። እህት ሰናይት ግን ወደ ግድግዳው ዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በማስረጃ የሚሆን ነገር የለም። ብምል አያምኑኝም፣ ባለቅስ ንስሐ ነው ይሉታል። ምን እንደሚፈልጉ ግን አውቅ ነበር። ስንቱ ሰው ከናዝሬት፣ ከሶዶ ድረስ ለዚያ ሰርግ ሊመጣ ተዘጋጅቷል። ለማግባት የቀበሌ ፈቃድ ያወጣው ታደለ ነው፤ ፈቃዱ ግን ለእነሱ ጉሮሮ ነበር።

«ወንድም ጳውሎስ» አልኩ። ብድግ ብዬ ቆምኩ። «ያለ ቬሎው ከዚህ ቤት አልወጣም። ሰርግ የለም። ለቀበሌው እርስዎ ይንገሩ።»

«ታደለስ?»

«ታደለ አሜን ብሏል፤ እሱ ይበቃዋል። ሰርግ ከሌለ ድንኳን የለም። ድንኳን ከሌለ መዝሙራችሁን በሆዳችሁ ዘምሩት።»

እናቴ እንኳ ደነገጠች። ጳውሎስ መዳፉን ማሻሸቱን ተወ። እህት ሰናይት «ትዕቢት!» አለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ ደጅ፣ ድንኳን ወደሚተከልበት ሜዳ ተመለከተ። ከዚያ «ትልበሰው፣ እህት ሰናይት» አላት። እኔን ከመጤፍ ሳይቆጥር፣ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ያለው ይህ ነው። ንጹሕ ነሽ ብሎ አይደለም የፈቀደልኝ። መዘመር ስለ ፈለገ ነው።

የመጨረሻው ልክ ዓርብ ነበር። እትዬ ዓለሚቱ ወሬው ደርሷት ኖሮ ሰፊ ሪባን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ወገቤ ላይ አድርጋ ጎንና ጎኔን ሸፈነችበት።

«ይኸው፤ ነጩም አይታይ፣ ምኑም አይታይ።»

«አንሺው።»

«ሰው ያያል እኮ!»

«ይይ። ሆዴ ላይ ልክ አድርጊልኝ። እንዳይጠብ፣ እንዳይላላም። የላላ ይደብቃል።»

መርፌዋን ከንፈሯ መካከል ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። «ነገረኛ ነሽ» አለች፤ ግን ሠራችው። ደጋግማ አስወለቀችኝ፣ ደጋግማ አስለበሰችኝ። እርጥብ ጨርቅ አንጥፋ በካውያ ተኮሰችው። መጨረሻ ላይ ቬሎው እንደ ቆዳዬ ሆነ። ትንፋሽ ስስብ አብሮኝ ተነፈሰ። አልጠበበኝም፣ አልሰፋኝም፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ እንዲህ ልኬ የሆነ ነገር ለብሼ አላውቅም።

በሰርጉ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጪ ቆሟል። የገባሁበትን ሰዓት አስታውሳለሁ። ፊቴን ያየ የለም። የመጣው ዓይን ሁሉ ከአገጬ በታች ወርዶ፣ ከግራ ነጭ መስመር ወደ ቀኝ ነጭ መስመር ሲሻገር ይሰማኝ ነበር። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሆዴን አላስገባሁም፣ እጄንም ፊት ለፊት አላደረግሁም። አበባውን ጎኔ ላይ ያዝኩት። ታደለ አጠገቤ ላቡ ይንጠባጠባል። ከዚያ መዝሙሩ ተነሣ፤ ዓይኖቹም ሁሉ ከእኔ ላይ ተነሥተው ወደ ላይ ሄዱ። ሰው እያለቀሰ ይዘምር ነበር። እኔን ረስተውኛል። ወጥቼ ብሄድ ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራት መቁጠር ያዙ። ልጅ አልመጣም። ተሳስተን ነበር ያለ አንድም ሰው የለም። ጸሎታችን ተሰማ፣ ጌታ ነውሩን ሰወረው አሉ። ይህ ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም መልስ የለውም። ልጄ የተወለደችው ከዓመታት በኋላ ነው። እህት ሰናይት ልትጠይቀኝ መጥታ ሕፃኗን ታቀፈቻትና «እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» አለች። ልጄን ከእጇ ተቀበልኳት።

ታደለም ዐርፏል። ደግ ባል ነበር፤ ክፉ ነው ብዬ ማንም ፊት አልናገርም። ብዙ ዘመን በአንድ ቤት ኖረናል፤ ታመን ተጠባብቀናል፣ ልጅ ድረናል። ያን ቀን በወንዙ መንገድ ላይ ያለውን ነገር ግን አንድም ቀን አንሥቶ ተሳስቼ ነበር አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። እሱ ረስቶት እንደ ሆነ፣ ወይም እንደ እኔ ይዞት እንደ ኖረ አላውቅም። አሁን ማንን ልጠይቅ?

እሑድ ዕለት ከምስክርነቱ በኋላ ከመዘምራኑ አንዷ፣ ቀጭን ልጅ፣ በሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ያ ሰርግ ላይ ነበሩ እንዴ?»

«ነበርኩ።»

«ውይ ታድለው! የትኛውን መዝሙር ነበር የዘመራችሁት? ለሚመጣው በዓል ልናጠናው ነው።»

ላስታውስ ሞከርኩ። ምንም የለም። ዜማው የለም፣ ግጥሙ የለም። ከዚያ ቀን በጆሮዬ የቀረ ድምፅ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው። «ወንድም ጳውሎስን ጠይቂው» አልኳት። ደግሞ ልሄድ ስል ተመለስኩ። በደስታቸው አልቀናባቸውም፤ በሹክሹክታ የኖረ ሰው ሲጮኽ ደስ ሊለው ይገባል። ግን ጸሎቱ ሲጸለይ ስም አልተጠራም፤ ምስክርነቱም ሲሰጥ ስም አልተጠራም። ልጅቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ነበር።

«የሙሽራዋንም ስም ጻፊው» አልኳት። «ዘነበች ነው። እኔ ነኝ።»